የባላምባራስ ደምለው ቁና

ሰው ሁሉ በአፉ ያመላልሳታል እንጂ ይህች ተረት ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ የለም። እኛ አገር ግን እናውቃለን፤ መነሻዋ ባላምባራስ ደምለው ናቸው።

ባላምባራስ የዘር እህል ያበድሩ ነበር። ተበዳሪ ሲመጣ ባዶ ቁና ያስቀምጡና ርስት ላለው አንድ ጣሳ ባቄላ፣ ባለርስት ዋስ ለጠራ አንድ ጣሳ፣ አባቱ ተበድሮ ለከፈለ ደግሞ አንድ ጣሳ ይጨምራሉ። ቁናው ከሞላ ያበድራሉ። «እኔ አላዳላም፤ የሚፈርደው ቁናው ነው» ይላሉ፣ ኩራታቸው አያድርስ ነው።

ቀጥቃጩ አንለይ የጤፍ ዘር ፈልጎ ሄደ። ዕድሜ ልኩን የአገሩን ማረሻ በዱቤ ሲሠራ ኖሮ፣ ገና ዘንድሮ አንዲት ማሳ በእኩል አግኝቶ አለስልሷል። የዘር ጊዜው ካለፈበት ልጆቹ ጦም አደሩ ማለት ነው።

«ርስት አለህ?»

«ለቀጥቃጭ ርስት ማን ሰጥቶ፣ ጌታዬ?»

«ዋስስ?»

«ባለርስቱ ሁሉ ለቡዳ ዋስ አልሆንም ይላል።»

«አባትህ ተበድሮ ከፍሎ ያውቃል?»

«አባቴን ማን አበድሮት!»

«እንግዲያ ከፍሎ አያውቅም» አሉና ባዶውን ቁና አሳዩት። «ይኸው እይ፤ እኔ ምን ላድርግህ?»

አንለይ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሳምንት ሳይሞላ የባላምባራስ ማረሻ ጉቶ መታና ለሁለት ተሰበረ። አገሩ እየዘራ እሳቸው ቆመው ሊያዩ ነው። እያለከለኩ ወደ አንለይ ወናፍ መጡ። ሽማግሌው አባ ተድላም ዶማቸውን ሊያስሉ እዚያው ተቀምጠው ነበር።

«ቶሎ በል አንለይ፤ ዋጋህን እንደ ልማዱ አዝመራ ሲገባ እሰጥሃለሁ።»

«በዱቤ ማለትዎ ነው?» አለና ባዶ ቁና አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ። «መቼም እኔ አላዳላም። ወናፍ አለዎት?»

«ምን አልክ አንተ?»

«ከቀጥቃጭ ወገን ዋስ የሚሆንዎትስ?»

«እኔ ከቀጥቃጭ ምን ወገን አለኝ!»

«አባትዎስ ብረት ቀጥቅጠው ያውቃሉ?»

«የኔ አባት! የጭቃ ሹሙ!» ብለው ጮኹ። «የማይኖረኝን እያወቅህ ትጠይቀኛለህ? ይሄ ፍርድ ነው?»

«እኔም ቤት ገብቼ ለሚስቴ ያልኳት ይኼንኑ ነበር» አለ አንለይ።

ባላምባራስ ሰማዩን አዩ፣ የተሰበረውን ማረሻ አዩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው የከለከሉትን የጤፍ ዘር ሊያስጭኑለት ወጡ። አባ ተድላ ሳቃቸው እንባ አስመጥቶባቸው፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ከኋላቸው ተጣሩ፦ «አይ ባላምባራስ፣ ምን ይደረጋል፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም!»