በቦይ ውሃ የታጠበው ሰላጣ

አንዲት ሴት ወንዝ ዳር መሬት አላት። ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ታመርታለች። የአትክልት ሥራ ታውቃላችሁ፤ ጭቃ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ማጎንበስ ነው። ይህች ሴት ደግሞ በንጽሕና ነገር ድርቅ ትላለች። እጁን በሳሙና ያልታጠበ ሰው ሰላጣ አይለቅምላትም። ሆዱን ያመመው ሠራተኛ ያን ቀን አጥር ያጥራል እንጂ ምርት አይነካም። ያልተብላላ ፍግ ሰላጣው መደብ ላይ አይደርስም። የቦዩ ውሃ መሬቱን ያጠጣል፤ የተለቀመው የሚታጠበው ግን ከጉድጓድ በፓምፕ ተስቦ ሮቶ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ብቻ ነው።

«ሰላጣ እሳት አያገኘውም» ትላለች። «ከኔ እጅ እንደወጣ ሰው አፍ ነው የሚገባው።»

አንድ እሑድ ጠዋት ለሠርግ ሰባት ሣጥን ሰላጣ አስዘጋጅታ ላከች። መኪናው ከሄደ በኋላ እጇን ልትታጠብ ወደ ሮቶው ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች። ጠብ የሚል ነገር የለም። ሮቶውን በጡጫ መታችው። ባዶ ነው!

ገመዳ የሚባል የብዙ ዓመት ሠራተኛ አላት። ጠራችው።

«ገመዳ፣ ሰላጣው በምን ታጠበ?»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «እትዬ ዘርፈሸዋል፣ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም። ፓምፑ አልሠራም። ሾፌሩ ደግሞ ቸኮለብኝ። ከቦዩ ቀድቼ አጠብኩት።»

ከቦዩ! ከላይ በኩል ከብት የሚጠጣበት፣ የሰፈሩ ሽንት ቤት ሁሉ በዝናብ ጊዜ የሚወርድበት ቦይ!

«ውሃው እኮ ጥርት ያለ ነው» አላት። «ደግሞስ ማን ያውቃል? አንቺም አላየሽም።»

«አሁን አወቅኩ» አለች።

ለሙሽራዋ እናት ደወለች። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። በሠርግ ጫጫታ ውስጥ ስልክ ማን ይሰማል? ደግማ ደወለች። ሦስተኛ ደወለች። ከዚያ ቦቲዋን እንኳ ሳታወልቅ ባጃጅ አስቁማ ወደ ሠርጉ ሄደች።

ወገኖቼ፣ እስቲ ራሳችሁን በእሷ ቦታ አድርጉ። ተመልሳ ካሮቷን ብትነቅል ማን ይጠይቃታል? ነገ የሰው ሆድ ቢታመም፣ በሥጋው ይሳበብ ነበር፤ በጠጁ ይሳበብ ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች። አውቃም ባጃጁን ተሳፈረች።

እኔ ይህን ታሪክ እንዴት እንዳወቅኩ ልንገራችሁ? ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ! ሰልፉ ላይ የመጀመሪያው ነበርኩ። ሳህኔን ይዤ፣ የሰላጣውን ማንኪያ ላነሣ እጄን ስዘረጋ፣ ጭቃ የለበሰች ሴት መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርብዎት» አለችኝ።

የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ደብሪቱ አይተዋት እየሮጡ መጡ። «ዘርፌ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ሆነሽ የመጣሽው?»

«ሰላጣው አይቅረብ። በቦይ ውሃ ታጥቧል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የገመዳን ስም አላነሳችም። ልብ አላችሁ? «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«ሎሚ ተጨምቆበታል እኮ!» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«ሎሚ በሽታውን አያጠፋውም።»

«በልጄ ሠርግ ቀን? በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት ባይሆን በወደድኩ። ስልክ አልተነሣልኝም።»

ሴትየዋ ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ለአስተናጋጆቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ሰላጣው ሁሉ ተነሣ። እኛም ያለ ሰላጣ በላን። ዘርፈሸዋል ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ሹክሹክታው እየተከተላት፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከእንግዲህ ከእኔ የሚገዛ የለም ብላ እያለቀሰች እንደሄደች በኋላ ነግራኛለች።

በማግሥቱ ገመዳን አላባረረችውም። «ስጠይቅህ እውነቱን ነገርከኝ፤ ያ ነው ያዳነን» አለችው። «ከዛሬ በኋላ ግን ሮቶው ባዶ ከሆነ ለቀማ የለም። ሠርግም ቢሆን የለም።»

ያ ሰላጣ ሰው ያሳምም ነበር ወይ? አላውቅም። እሷም አታውቅም። የሚያውቅ የለም። ከጉዳት ያተረፍከው ሰው መጥቶ አያመሰግንህም፤ መትረፉንም አያውቅ!

ወይዘሮ ደብሪቱ ለአሥር ቀን አኮረፏት። በአሥራ አንደኛው ቀን ደወሉ። «ለቅልቅሉ ሰላጣ እፈልጋለሁ» አሉ።

ዘርፈሸዋል የሰማችውን ማመን አቃታት። «ከኔ?»

«ከአንቺ ነዋ! የሌሎቹን ጓዳ በምን አውቃለሁ? አንቺ ግን ስታጠፊ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ሳያጠፋ የሚኖር ሰው እዚህ አለ? የለም፤ ከእኔ ጀምሮ። ጥንቁቋ ሴት እንኳ አንድ ጠዋት አመለጣት። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ካጠፋችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ? ያበላሻችሁት ነገር ከእጃችሁ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው እየሄደ ሳለ፣ እናንተ ወዴት ትሄዳላችሁ?

በጎረቤት ላይ ያወራችሁት ወሬ አለ፤ ውሸት መሆኑን ቆይታችሁ ሰማችሁ። ተከትላችሁ ሄዳችሁ? መዝናችሁ ያጎደላችሁት አለ። ፈትሻችሁ ሳታዩ «ደህና ነው» ብላችሁ የፈረማችሁበት አለ። ለልጃችሁ በቁጣ የተናገራችሁት ቃል አለ፤ አሁንም ልጁ ውስጥ እየሠራ ነው።

ያፍራል ሰው፣ አውቃለሁ። ግን እመኑኝ፣ ከእፍረቱ ወዲያ ያለውን አይቻለሁ። እግዚአብሔር ጥፋቱን አምኖ የሚመጣን ሰው አይጥለውም፤ ሰውም ቢሆን፣ ትንሽ ይቆያል እንጂ፣ መልሶ ያምነዋል።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ምሳን አታስቀድሙ። መጀመሪያ ስልካችሁን አውጡና ደውሉ። ካልተነሣ፣ ተነሥታችሁ ሂዱ።