የወንዝ ዳር ጌጥ

ከተማ መሃል በሚያልፍ ወንዝ ዳር የሰፈሩ አራዊት ሥርዓታቸው የታወቀ ነበር፤ አንበሳ ይናገራል፣ ጅብ ያስፈጽማል፣ የቀረው ያጨበጭባል፤ ክንፍ ያለው በክንፉ፣ ክንፍ የሌለው መሬቱን በእግሩ እየደበደበ። ያላጨበጨበ እንደታመመ ይቆጠራል፤ ሊጠይቀው የሚሄደውም ጅብ ነው።

አንድ ቀን አንበሳ ጉባኤ ጠራ። «ይህ ወንዝ አስጠልቶኛል። ለአራዊት መኖሪያ እንዲሆን በጥበብ ይጌጥ!»

ተጨበጨበ።

አያ ጅቦ ተነሣ። «ጃንሆይ፣ ይህ ቄጠማ ይታጨድና የሲሚንቶ ቄጠማ ይቁም፤ የማይደርቅ፣ የማይበሰብስ። ድልድዩ ላይ ዓሣ ይሣል። መሃሉ ላይ የእርስዎ ሐውልት፣ አፉን ከፍቶ የሚያገሣ!»

ጭብጨባው ሳይበርድ እመት ዳክዬ ከኋላ ተናገረች፤ እንቁላሏ ደርሶ ነበር።

«እኔ የምጥለው እኮ እዚያ ቄጠማ ውስጥ ነው። ዘንድሮ የት ልጣል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ለማን ብለን የምንለፋ መሰለሽ? ሲሚንቶው ላይ ጣያ!» አለ ጅብ።

«ተንከባሎ ወንዝ ይገባል።»

«እንግዲያው ለእኔ አምጪው፣ አስቀምጥልሻለሁ» አላት። ጉባኤው ሳቀ። ጅብም ሳቀ፤ እሱስ መቼ ሳይስቅ ውሎ ያውቃል።

ቄጠማው ታጨደ። ዓሣ የጠፋበት ወንዝ ዓሣ በቀለም አየ። ሐውልቱም ቆመ፤ አንበሳ መልካም ቀን እስኪመርጥለት በጨርቅ ተሸፍኖ ከረመ። ዝንጀሮች ጨርቁን እየገለጡ ወርቅ ቅቡን ስለላጡት፣ ጅብ «ከጃንሆይ ምስል ላይ ቅንጣት ነገር ያነሣ እግሩ ይቆረጣል!» ብሎ በአንበሳ ስም ዐዋጅ አስነገረ።

እመት ዳክዬ በዚያ ሰሞን አልታየችም። የፈለጋትም የለም፣ ከጅብ በቀር።

ቀኑ ደረሰ። አንበሳ ጨርቁን ሳበው። በድንጋዩ አንበሳ አፍ ውስጥ፣ በታጨደ ቄጠማ ጎጆ ላይ፣ ዳክዬ ተቀምጣለች።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«መኖሪያ ይሠራላችኋል ተባልን ጃንሆይ፤ ገባሁ።»

«አውጣት!» አለ አንበሳ።

ጅብ እግሩን አነሣ፤ እግሩን አየው፤ መልሶ አስቀመጠው። «ጃንሆይ፣ ዐዋጁ…»

«የማን ዐዋጅ?»

«የእርስዎ።»

ከኋላ አሮጊቷ ኤሊ መሬቱን በእግሯ መታች። ሌላው ታመመ እንዳይባል ተከተላት፤ ወንዙ ዳር በጭብጨባ ተናወጠ። አንበሳም ሲጨበጨብለት ራሱን ዝቅ ማድረግ ልማዱ ነውና ዝቅ አደረገ፤ ለዳክዬዋ እጅ የነሣ መሰለ። ደንግጦ ቀና አለና ሊያገሣ አፉን ከፈተ። ምን ብሎ ያግሣ?

ሁለት አንበሶች አፋቸውን ከፍተው ፊት ለፊት ቆሙ። በአንደኛው አፍ ውስጥ እንቁላል ተሰነጠቀ።