ወለሉ የሚጸዳው ለማን ነው?

አንድ ዕድሜውን በመንገድ ላይ ያሳለፈ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ስሙ ጎሹ ይባላል። ከወደብ ማዳበሪያ ይጭናል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ አራግፎ ደግሞ ይመለሳል። ቤቱ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነበር። ማታ ገብቶ ማለዳ ሲወጣ፣ ያ ቤት ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ የሚጠብቀው በምን እንደሆነ አስቦ አያውቅም።

ቤቱን የምታጸዳው ሚስቱ ሙሉሸዋ ነበረች። ተንበርክካ፣ እርጥብ ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከሳሎን እስከ ኩሽና ትወለውላለች። ልጆች ስታሳድግም፣ እንግዳ ሲበዛባትም፣ ክረምት ጭቃ በየጫማው ሲገባባትም እንዲሁ ነበር። ጎሹ ጡረታ በወጣበት ዓመት ጉልበቷ እምቢ አላት። ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ ከእንግዲህ መንበርከክ እንደሌለባት ነገራት። መራመድ ግን በየቀኑ አለባት፤ በምርኩዝም ቢሆን ቀስ እያለች ካልተንቀሳቀሰች እግሯ ጨርሶ ሊከዳት እንደሚችል አስጠነቀቃት።

ጎሹ ይህን ሲሰማ ወለሉን ከዛሬ ጀምሮ የምወለውለው እኔ ነኝ አላት። የሰሙ ጎረቤቶች ሳቁበት፤ እሱ ግን አላፈረም። ገበያ ወረደና ከተሰቀሉት መወልወያዎች ሁሉ ትልቁንና ከባዱን መረጠ። እጀታው ወፍራም ነው፤ ከጫፉ የተንዠረገገው የጥጥ ክር ውሃ ሲጠጣ ለማንሳት ክንድ ይጠይቃል። ሰፊ ባልዲ፣ የዱቄት ሳሙናና በረኪናም ጨመረበት። መኪና ሲያጥብ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ውሃውና ሳሙናው ከበዛ የማይለቅ ቆሻሻ የለም ብሎ ያምን ነበር።

በየማለዳው ባልዲውን እስከ አፉ ይሞላል። አረፋው እስኪገነፍል ሳሙና ይጨምራል። ከሳሎኑ የጣውላ ወለል ይጀምራል፣ የኮሪደሩን ሴራሚክ ያልፋል፣ የኩሽናው የሲሚንቶ ሊሾ ላይ ይጨርሳል። ለሁሉም ያው መወልወያ፣ ያው ውሃ፣ ያው ጉልበት ነው። ሲጨርስ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ በላብ ይጣበቃል፣ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ወለሉም ያብረቀርቃል። ያን ጊዜ ሚስቱን ይጠራትና ያሳያታል። እሷም እጅህ ይባረክ ትለዋለች።

አንድ ማለዳ ሙሉሸዋ ወደ በረንዳ ልትወጣ ስትል ምርኩዟ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራተተ። የበሩን መቃን ይዛ ለጥቂት ተረፈች። ጎሹ ደጅ የባልዲውን ውሃ እየደፋ ስለነበር አላየም። እሷም አልነገረችውም። ያን ሁሉ ለፍቶ ቅር እንዳይለው ሰጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከአልጋዋ ለመውረድ ትፈራ ጀመር። ዛሬ አሞኛል፣ ነገ እነሳለሁ እያለች ሰንብታ በመጨረሻ ምግቧም አልጋዋ ድረስ ይመጣላት ጀመር።

ጎሹ እሷ የተኛችው ተስፋ ቆርጣ ነው ብሎ አዘነ። ቤቱ ይበልጥ ቢያምርላት ደስ ብሏት የምትነሳ መስሎት ይበልጥ ይወለውል ጀመር። ሳሙናውንም ጨመረ።

ሴት ልጃቸው ትርሲት ከምትኖርበት ከተማ ልትጠይቃቸው የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ብርድ ልብሱን ገልጣ የእናቷን እግር ስታይ ደነገጠች። ቀጥኖ ነበር። ሳሎን ስትገባም በመስኮቱ በኩል ያለው ጣውላ አብጦ፣ ጠርዝ ጠርዙ ጠቁሮ አየች። አባቷን ደጅ ጠርታ እማዬን ይዣት መሄዴ ነው አለችው። እሱ ሊከራከር ሞከረ፤ ምንም አልጎደለባትም፣ ቤቱንም አይተሽዋል አላት። ትርሲትም አባቷን ሳትቆጣ፣ ቤቱን እንዳየችው፣ እናቷንም እንዳየቻት ነገረችው። ከፋሲካ በኋላ መኪና ይዛ እንደምትመለስ ተናግራ ሄደች።

ጎሹ ልጁን ሸኝቶ ተመለሰና ሚስቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። በመንገድ ያሳለፋቸው ዓመታት ትዝ አሉት። አሁን ገና አንድ ላይ መኖር ሲጀምሩ ልትወሰድበት ነው። ምን እንዳጠፋ እንድትነግረው ለመናት። ሙሉሸዋም ስለዚያ ማለዳ፣ ስለምርኩዟና ስለበሩ መቃን ነገረችው።

“ለምን ያን ዕለት አልነገርሽኝም?” አላት።

“ዕድሜ ልኬን የወለወልኩትን ቤት ሰው ሲወለውልልኝ አይቼ አላውቅም” አለችው። “ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬን ላበላሸው አልፈለግሁም። ግን ጎሹ፣ እኔ ካልረገጥኩት ወለሉ የሚጸዳው ለማን ነው?”

በማግስቱ ጎሹ ተመልሶ ገበያ ወረደ። መጥረጊያና መወልወያ የምትሸጠው ዘቢባ የምትባል ነጋዴ ነበረች። ከሁሉም የሚሻለውን መወልወያ እንድትሰጠው ጠየቃት። ዘቢባም ከሁሉም የሚሻለው የቱ እንደሆነ እሷም እንደማታውቅ ነገረችው። ቀጥላም የቤቱ ወለል ከምን እንደተሠራና ማን እንደሚሄድበት ጠየቀችው። ጎሹ ወለል ወለል ነው እንጂ ምን ይሆናል ሊላት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የሚሄድበትን ያውቃል፤ ያችን ሰው ሊያጣት ነው። ወለሉን ግን በየቀኑ ሲያርሰው ከረመ እንጂ ጎንበስ ብሎ አላየውም። እመለሳለሁ ብሏት ባዶ እጁን ወደ ቤት ሄደ።

ሙሉሸዋ ባዶ እጁን ስታየው ምን እንደገጠመው ጠየቀችው። ነገራት። ለረጅም ጊዜ ያልታየ ፈገግታ ፊቷ ላይ መጣ።

“ሹፌር ሳለህ አስፋልቱንም፣ ጭቃውንም፣ ዳገቱንም በአንድ ማርሽ ነበር የምትሄደው?” አለችው።

“እንዴት ተደርጎ? እንደ መንገዱ ነዋ።”

“እንግዲያው ና፣ መንገዱን ላሳይህ።”

ጎሹ ኮሪደሩን በደረቅ ጨርቅ አደረቀላት። ከዚያ በአንድ እጁ ክንዷን፣ በሌላው ወንበር ይዞ ክፍል ለክፍል ዞሩ። ጣውላው ዘንድ ወንበሩን አስቀመጠላት። እንጨት የሰጡትን ውሃ ሁሉ እንደሚጠጣ፣ ሲጠጣም እንደሚያብጥ ነገረችው። ስለዚህ ጠብታ እስከማይወርደው የተጨመቀ ጨርቅ ብቻ፣ የጣውላውን መስመር እየተከተሉ ማሳለፍ ነው። ሴራሚኩ ዘንድ ሲደርሱ ጣቷን አሳልፋ አሳየችው፤ ጣቷ ላይ ነጭ ነገር ቀረ። ሴራሚክ አይጠጣም፤ ሳሙናው ላዩ ላይ ይቀራል፤ እሷን ያንሸራተታት ይኸው ነው። ጥቂት ሳሙና፣ ከዚያ በሌላ ባልዲ ንጹሕ ውሃ፣ በመጨረሻም ደረቅ ጨርቅ ይፈልጋል። የኩሽናው ሊሾ ደግሞ ዘይት ይይዛል፤ መጀመሪያ በብሩሽ ፈትጎ ውሃውን በጎማ መግፋት ነው። ጎሹ ያቺ ሴት ይህን ሁሉ ዓመት በጉልበቷ ስትሄድ ምን ምን እንዳወቀች ያን ቀን ገባው። እጆቿን አንስቶ ሳማቸው።

ከዘቢባ ዘንድ ይዞት የተመለሰው ዕቃ ለዓይን የሚሞላ አልነበረም። ጨርቁ ወልቆ የሚታጠብ ቀላል ጠፍጣፋ መወልወያ፣ መጭመቂያ ያለው ባልዲና ለንጹሕ ውሃ የሚሆን ሌላ ባልዲ፣ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ፣ የጎማ መግፊያ፣ ውሃ የሚመጥጡ ጨርቆች። እጀታው እስከ አገጩ እንዲደርስ ዘቢባ ራሷ ለክታ መረጠችለት፤ አለዚያ ነገ እርስዎም ወገብዎን ይዘው ይተኛሉ አለችው። ትልቁን መወልወያም አልጣለውም፤ ለውጪው በረንዳ አደረገው።

መጀመሪያ ላይ አልሆነለትም። እጁ ባልዲ መሙላት ለምዷል፤ ሳሙናውንም ሳያስበው ያፈሰዋል። ሙሉሸዋ ከአልጋዋ ሆና፣ ጨመቅከው ወይ? ትለዋለች፤ እሱም ተመልሶ ይጨምቃል። ወለሉ እንደ ድሮው ስለማያብረቀርቅ ያላጸዳው ይመስለውና ይጨነቃል። በመጨረሻ አንድ ዘዴ አገኘ። ወልውሎ ሲጨርስ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ራሱ ይሄድበታል። ካላንሸራተተው፣ ካልሲውም ካልረጠበ፣ ያን ጊዜ ሚስቱን ይጠራታል።

ሙሉሸዋ በመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ ደርሳ ተመለሰች። የጎሹን ክንድ ጨምቃ ይዛ ነበር የሄደችው። ሌላ ቀን እስከ መስኮቱ ሄደች። ከዚያ ኩሽና ገብታ ራሷ ወጥ አማሰለች። አንድ ቀን ደግሞ ጎሹ ጨርቅ ሲያጥብ ምርኩዝ ኮሪደሩ ላይ ሲያንኳኳ ሰማና ሊደግፋት ተነሳ። ደርሶ ሲያያት ክንዱን አልፈለገችም።

ፋሲካ አለፈ። ትርሲት እንዳለችው መኪና ይዛ መጣች። በሩን ስታንኳኳ ቶሎ የሚከፍት አጣች። ትንሽ ቆይታ ከውስጥ ዝግ ያለ እርምጃ ሰማች፤ በሩንም እናቷ ከፈተችላት። ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በእግሯ ቆማለች። ከእናቷ ትከሻ በላይ ስታይ አባቷ ኮሪደሩ ላይ በካልሲ ቆሞ ነበር፤ እጁ ላይ ደረቅ ጨርቅ አለ።

“ሻንጣዬን አላዘጋጀሁም” አለቻት ሙሉሸዋ። “ግቢ፣ ምሳ ደርሷል።”

ትርሲት የዚያን ቀን አደረች፤ በማግስቱም ብቻዋን ተመለሰች። ካበጡት ጣውላዎች አንዳንዶቹ ከወራት በኋላ ወደ ቦታቸው ገቡ። የሌሎቹ ጥቁር ጠርዝ ግን አሁንም አለ። ጎሹ ሊለውጣቸው አልፈለገም፤ በላያቸው ሲያልፍ እጁን ቀለል ያደርጋል።

ወዳጆቼ፣ ጎሹ ሰነፍ አልነበረም፤ ፍቅርም አልጎደለውም። የጎደለው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ማየትና መጠየቅ ነበር። እኛም ብዙ ጊዜ የምንወዳቸውን ሰዎች የምናገለግለው ለእጃችን የቀረበውን ይዘን፣ ኃይላችንን ሁሉ አፍስሰን ነው። ልጁ ጥቂት ዝምታ ሲፈልግ ምክር እናፈስበታለን፤ የታመመው ሰው በእግሩ ልሂድ ሲል ተሸክመነው እንሄዳለን። ከዚያም ይህን ሁሉ ለፍቼ ለምን አልተደሰተም ብለን እናዝናለን። ልፋታችን እውነት ነው። ግን ልፋት የሚጠቅመው ተቀባዩ ሊቆምበት ሲችል ነው። ደግነቱ፣ መሣሪያን መለወጥ ልብን ከመለወጥ ይቀላል፤ ጠይቆ ለመማርም ጡረታ ላይ እንኳ አይረፍድም።

እርስዎስ ለሚወዱት ሰው የሚደክሙበትን ሥራ፣ ጫማዎን አውልቀው አንድ ጊዜ ሄደውበት ያውቃሉ?