ፀሐይ የሞቀው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሦስት ስም የነበረው። «ስሜን ሰውሬ ብጽፍ ማንን እጎዳለሁ?» እያልህ ስትነዘንዘኝ ስለ ሰነበትህ ነው የምነግርህ፤ ይልቅ ያንን ስልክ አስቀምጥና ስማ።

ሰውየው በሰፈሩ «ጋሼ» ነው። በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ይባላል። በስልኩ ውስጥ ግን ማንም የማያውቀው ሦስተኛ ስም ነበረው፦ «ፀሐይ የሞቀው»። ልብ በል፤ ጥላ ሥር ተደብቆ የሚጽፍ ሰው ለራሱ የመረጠው ስም ይህ ነው!

በዚያው ሰፈር ዳቦ እየጋገረች ልጇን ያሳደገች አንዲት ባል የሞተባት ሴት ነበረች። በዕድር ስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አለችው። እውነትም ተሳስቶ ነበር። ጋሼ ፈገግ ብሎ አለፈ፤ ወልደ ሰንበት በጸሎቱ ይቅር አላት፤ ፀሐይ የሞቀው ግን «ባሏን ማን እንደ ገደለው ዱቄቷን ጠይቁ» ብሎ ጻፈ። ሰው ሳቀ፤ ተቀባበለውም። ዳቦዋ ሳይሸጥ ደረቀ። ልጇን ለጋብቻ የጠየቁት ሰዎችም በዚያው ቀሩ።

ሴቲቱ ዕድሩ ፊት ቆማ «የጻፈብኝን አላውቀውም፤ ግን ይረገምልኝ» አለች። በሰፈሩ እርግማኑ የሚፈራው ደግሞ ጋሼ ነበር። ባለፈው ክረምት የበግ ሌባን «ዘሩ አይብቀል፣ ቤቱ ወና ይሁን» ብሎ ቢረግም፣ ሌባው በጉን ከነገመዱ አምጥቶ ባለቤቱ በር ላይ አስሮ ጠፍቷል።

ጋሼ ተነሣ። ሰዉ «አሜን» ለማለት ተዘጋጀ። «ዘሩ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ልጁን ከፊቱ ተቀምጣ አያት። ምላሱ ደረቀ። «ይህን የጻፈውን… እግዚአብሔር ልቦና ይስጠው» አለ።

አሜን ያለ የለም።

«ጋሼ» አለች ሴቲቱ፣ «ለበግ ሌባ ያልተረፈ ልቦና ለዚህ ከየት ተገኘ?»

«እስቲ ያንን የበግ ሌባውን እርግማን ይድገሙታ!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ሸማኔ።

ጋሼ ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ።

የሴቲቱ ዳቦ እንደ ገና መሸጥ ጀመረ፤ የልጇ ጠያቂዎች ግን አልተመለሱም። ሰውየውንም ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ብሎ የጠራው የለም። በክርስትና ስሙ የሚጠራው የነፍስ አባቱ ብቻ ነው። ለቀረው ሰው፣ በመንገድም በገበያም፣ ስሙ «ፀሐይ የሞቀው» ሆኖ ቀረ።

አሁን ገባህ ወይስ ከ«አንድ ሰው ነበረ» ልጀምርልህ? ስም መሰወር ሁሉ ነውር ነው አላልሁህም፤ በስውር የሚመጸውትም፣ ግፍን የሚያጋልጥ ድኻም ስሙን ይሰውራል። እናትህ በአንድ፣ የነፍስ አባትህ በሌላ፣ ጓደኞችህ በሦስተኛ ስም ይጥሩህ፤ ምን ከፋ? አንተ ግን እንደዚያ ሰው፣ አንዱ ስምህ ያቆሰለውን ሌላው ስምህ ሲባርክ እንዲታይልህ ትሻለህ። እንግዲያው ከመጻፍህ በፊት «ይህን በሐሰት የጻፈ ቤቱ ወና ይሁን» በልና ራስህ «አሜን» ብለህ መልስ። ምላስህ ከተያዘ፣ ጣትህንም ያዝ።