ግመሊቱ በፈረሶች አገር

ቁም ነገር ለለመደ አንባቢ የግመል ወሬ ይዤ መምጣቴ ትልቅ ድፍረት ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንግዲህ ተረት ነው፣ ጆሮ ስጡኝ።

ግመልና ልጇ ሣር ቢደርቅባቸው ወደ ፈረሶች አገር ተሰደዱ። በቆላው አገራቸው እኩለ ቀን ሲሆን ግመሉ ሁሉ በአንድነት ሞቃቱ አሸዋ ላይ ይንበረከክ ነበር። ፈረሶች ግን የሚያርፉት ቆመው ነው።

«ኡሚ፣ ዛሬ ጓደኞቼ ሲመጡ እንዳትንበረከኪ፣ በአላህ! አታሳፍሪኝ» አለች ልጅቱ።

«እሺ የኔ እናት፣ እቆማለሁ።»

ፈረሶቹ መጥተው ሲጫወቱ ዋሉ፤ እናትም ቆማ ዋለች። አንዲት ባዝራ «እንዴት ለምደዋል! ልክ እኛን መስለዋል እኮ» ብላ አደነቀቻት። እናት ፈገግ አለች፤ እግሮቿ ግን ይንቀጠቀጡ ነበር። ልጅቱ ይህን ስታይ አላስቻላትም። ልትንበረከክ ጎንበስ አለችና ግራ ገባት።

«ኡሚ» አለች ሁሉም እየሰማ፣ «መጀመሪያ የሚታጠፈው የትኛው እግር ነበር?»

«የፊቱ ነው፣ ልጄ። ቀስ በይ። እንዲህ።»

ጎን ለጎን ተንበረከኩ። ፈረሶቹም አዳልጧቸው የወደቁ መስሏቸው፣ ለጨዋነት ሲሉ አላየንም አሉ። እናንተም ጨዋ ሁኑና ይህን ለማንም አትድገሙት።