ጫማ አልገባ ያለው አውራ ጣት

ጆሮ ላለው አንድ ወሬ አለኝ። አቶ ዋሲሁን እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ፤ የእግራቸው አውራ ጣት ግን ቀልቶ፣ አብጦ፣ ጫማ አልገባ አለ። ረቡዕ ታከሙ። ሐሙስ ማዘዣቸውንና የሕክምና ካርዳቸውን ይዘው እያነከሱ ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሄዱ።

«ልጄ፣ መድኃኒቴን ስጪኝ። ያለ መድኃኒት ጫማ አይገባልኝ።»

«አባባ፣ ማዘዣው የበሽታ ኮድ የለውም» አለች ፋርማሲስቷ። «ያለ ኮድ አልሰጥም።»

ወደ ኮድ ጸሐፊው ወደ ናሆም ሄዱ። «ልጄ፣ ኮድ ጻፍልኝ። ያለ ኮድ ፋርማሲስቷ መድኃኒት አትሰጥ፣ ያለ መድኃኒት ጫማ አይገባልኝ።»

ናሆም ካርዳቸውን በክርኑ ተጭኖ መዝገቡን አገላበጠ። «ካርዱ ‹ሪህ› ብቻ ይላል። ሰው ወገቡን ሲያመውም ሪህ ነው ይላል፤ ጉልበቱን ሲቆረጥመውም ሪህ ነው ይላል። ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባለው በዝቶ የመጣ ሪህ የራሱ ኮድ አለው። ሕመም ሳይኖር ዩሪክ አሲድ ብቻ ከጨመረ ሌላ ኮድ ነው። ግራና ቀኙም ይለያያል። ዶክተሯ ይለዩት።»

ወደ ዶክተር ሂሩት ሄዱ። «ዶክተር፣ ሪሄን ይለዩልኝ። ሪሄ ሳይለይ ናሆም ኮድ አይጽፍ፣ ያለ ኮድ ፋርማሲስቷ መድኃኒት አትሰጥ፣ ያለ መድኃኒት ጫማ አይገባልኝ።»

«የትናንቱ የደም ውጤትዎ የታለ? ሳላየው አልለይም።»

ወደ ላብራቶሪ ባለሙያው ወደ አስናቀ ሄዱ። «ውጤቴን ስጠኝ። ያለ ውጤት ዶክተሯ ሪሄን አይለዩ፣ ሪሄ ሳይለይ ናሆም ኮድ አይጽፍ፣ ያለ ኮድ ፋርማሲስቷ መድኃኒት አትሰጥ፣ ያለ መድኃኒት ጫማ አይገባልኝ።»

«ውጤቱ ደርሷል፤ ግን ሦስት ዋሲሁን አሉብኝ። ካርድዎን ያምጡ።»

ካርዱ ከናሆም ክርን ሥር ነው። ተመለሱ።

«ካርዴን ስጠኝ። ያለ ካርድ አስናቀ ውጤት አይሰጥ፣ ያለ ውጤት ዶክተሯ ሪሄን አይለዩ፣ ሪሄ ሳይለይ አንተ ኮድ አትጽፍ፣ ያለ ኮድ ፋርማሲስቷ መድኃኒት አትሰጥ፣ ያለ መድኃኒት ጫማ አይገባልኝ!»

«ኮድ ያልተጻፈበት ካርድ ከዚህ ክፍል አይወጣም፣ አባባ።»

«ኮዱን የሚጽፈው ማነው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ጻፋ!»

«ሳይለይ እንዴት ልጻፍ?»

ናሆም ደንቡን ከመደርደሪያው አውርዶ ሊያሳያቸው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። የወንበሩ እግር ከጀርባው በቆሙት በአቶ ዋሲሁን አውራ ጣት ላይ አረፈ።

«ወይኔ ቀኝ እግሬን!»

ናሆም ደንግጦ ሁለት እጁን አነሳ። አቶ ዋሲሁን ካርዱን መንትፈው ወጡ።

ካርዱ ሲመጣ አስናቀ ውጤቱን ሰጠ፤ ውጤቱ ሲታይ ዶክተሯ ሪሁን ለዩ፤ ሪሁ ሲለይ ናሆም «ግራና ቀኙን እንኳ አልጠይቅዎትም» ብሎ ኮዱን ጻፈ፤ ኮዱ ሲጻፍ ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን ሰጠች። እሑድ ጫማው ገባላቸው፤ ማሰሪያው ብቻ አልታሰረም።

ወሬዬ አለቀ፤ እግራችሁን ሰብስቡ።