የጋሽ ወንዳፍራሽ አንዲት መስመር

ልናገር ነው፤ ከጀመርኩ አላቋርጥም። ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የቸኮለ መንገዱን ይቀጥል።

አሰላ ውስጥ ጋሽ ወንዳፍራሽ የሚባሉ ጡረተኛ የጂኦግራፊ አስተማሪ አሉ። የእድራቸው ጸሐፊ በየቀብሩ የሚያነበው የሕይወት ታሪክ ያንገሸግሻቸዋል። ሟቹ ማንም ይሁን ማን «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ» ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሰላምታ የነፈገ ጎረቤታቸውን እንኳ «ሰው አክባሪ» ብሎ ሸኘው! ስለዚህ ጋሽ ወንዳፍራሽ የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ በቁማቸው ጽፈው፣ ቤታቸው ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀመጡት።

በጽሑፉ ውስጥ አንዲት መስመር አለች፦ «ታናሽ ወንድሜ ደጀኔ ልጁን ሲድር ሳይጠራኝ ስለቀረ ተቀያየምን።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ባለፈው ሳምንት ግን ባለቤታቸው እትዬ የሺመቤት ለሆስፒታል የሚሆን ልብስ ሲያዘጋጁ፣ ከአሮጌ ካፖርት ገበር ውስጥ የሠርጉን ጥሪ ካርድ አወጡ። ለካ ተጠርተው ነበር! ሰኞ ደግሞ ጋሽ ወንዳፍራሽ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ይገባሉ። ከዚያ በፊት ያቺን መስመር ማረም ፈለጉ። ውሸት ተነብቦባቸው መቀበር አልፈለጉም።

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሩን አበሩ። ጽሑፉ «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ካልተነሳ አልከፈትም» አለ። ጽሑፉ ካልተከፈተ መስመሯ አልታረምም አለች፤ ሰኞ ደግሞ እየመጣ ነው።

ኮምፒውተሩን «በል ተነስ» አሉት። «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የሚያሠራኝ ሲስተም ካልታደሰ አልነሳም» አለ። ኮምፒውተሩ ካልተነሳ ጽሑፉ አልከፈትም አለ፤ ጽሑፉ ካልተከፈተ መስመሯ አልታረምም አለች፤ ሰኞ ደግሞ እየመጣ ነው።

ሲስተሙን «ታደስ» አሉት። ያ ሰነፍ ምን አለ? «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ እኔ አርጅቻለሁ፤ አዲሱ ሲስተም ካልመጣ አልታደስም።» አዲሱን ሲስተም «ና» ቢሉት ደግሞ አፍንጫውን ነፋ። «እኔ? እዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ? በግድ የሚያስገባኝ ካልተገኘ አልመጣም!» ትዕቢቱን አያችሁልኝ? አዲሱ ካልመጣ አሮጌው አልታደስም አለ፤ አሮጌው ካልታደሰ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ፤ ኮምፒውተሩ ካልተነሳ ጽሑፉ አልከፈትም አለ፤ ጽሑፉ ካልተከፈተ መስመሯ አልታረምም አለች፤ ሰኞ ደግሞ እየመጣ ነው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ኮምፒውተሩን ተሸክመው ገበያው አጠገብ ሱቅ ወዳለው ጠጋኝ፣ ወደ ኢዮስያስ ሄዱ። ኢዮስያስ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት ነው ያለው፦ ፎርማት። ድምፅ ጠፋ? ፎርማት። ስክሪኑ ጠቆረ? ፎርማት። እናንተም ብታስነጥሱበት ፎርማት ሊያደርጋችሁ ይነሳል።

«ፋዘር፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም» አለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው። «ፎርማት ካልተደረገ አዲሱን ሲስተም አላስገባም።»

«ጽሑፌስ?»

«እሱማ ይጠፋል። ሌላ ይጻፉ!»

ይኸውላችሁ እንግዲህ። ፎርማት ጽሑፉን ካላጠፋሁ አልሠራም አለ፤ ፎርማት ካልሠራ ኢዮስያስ አላስገባም አለ፤ ኢዮስያስ ካላስገባ አዲሱ አልመጣም አለ፤ አዲሱ ካልመጣ አሮጌው አልታደስም አለ፤ አሮጌው ካልታደሰ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ፤ ኮምፒውተሩ ካልተነሳ ጽሑፉ አልከፈትም አለ፤ ጽሑፉ ካልተከፈተ መስመሯ አልታረምም አለች። ሁሉም ንጹሕ ነው፤ አንድም ጥፋተኛ የለም። ጋሽ ወንዳፍራሽ ኮምፒውተራቸውን አቅፈው ተመለሱ።

እሁድ ከሰዓት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ «እግዜር ይማርዎት» ልትል መጣች። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ነገሩን ስትሰማ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች።

«ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ነው፣ ጋሼ። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው። ከፍላሹ ላይ ሆኖ ይነሳል፤ ውስጥ ያለውን አይነካም። ይሞክሩት፤ ካልወደዱት ይነቀላል።»

«እሱስ ጥፋቱ የማን ነው ይላል?»

«ምንም አይልም፤ ይሠራል።»

ፍላሹ ተሰካ፤ ሊኑክስ ተነሳ። ሊኑክስ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጽሑፉ ተከፈተ፤ ጽሑፉ ሲከፈት መስመሯ ወጣች። አሮጌው አልተለመነ፣ አዲሱ አልተለመነ፣ ኢዮስያስ አልተለመነ፤ ፎርማትም አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ መነጽራቸውን አድርገው ጻፉ፦ «የጥሪው ካርድ ካፖርት ገበር ውስጥ በመግባቱ ምክንያት ተቀያየምን።»

እትዬ የሺመቤት በትከሻቸው በኩል አነበቡት።

«አንተ ሰውዬ! አሁን ደግሞ ጥፋተኛው ካፖርቱ ሆነ? ከዚህ ኮምፒውተርህ በምን ተሻልክ? ደግሞስ ይሄ የሚነበበው ስትሞት ነው። ደጀኔ መቃብርህ ላይ ቆሞ ይስማው? ስልክ የለህም?»

ጋሽ ወንዳፍራሽ አፈሩ። በጣም አፈሩ። ስልካቸውን አንስተው ደወሉ።

«ደጀኔ፣ ወንዳፍራሽ ነኝ። ለሠርጉ ጠርተኸኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

 ከወዲያኛው ጫፍ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መለሰ።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትገባው? ከሰው ሰምቼ እኮ ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ሰዓቱን ነገሩትና ያቺን መስመር ከነጭራሹ ሰረዟት። ወይዘሮ ስንዱ ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ገልብጣ፣ «እንግዲህ ሊኑክሱን ልትከለው?» አለች። «ትከይው!» አሉ እትዬ የሺመቤት። «ሰበብ የማያበዛ አንድ ነገር እንኳ በዚህ ቤት ይኑር!»

ሊኑክስ ገባ፤ አሮጌው ሲስተም ከነሰበቡ ወጣ። ሰኞ ማለዳ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ደጀኔ ከዘበኛው ቀድሞ ቆሟል። እኔ ይህን ነገርኳችሁ፤ ያላመነ አሰላ ወርዶ ይጠይቅ።